ከድሬዳዋ ተነስቶ ጅቡቲ ላይ ዌል ሻርክ ለማየት፦ ከዝግጅት እስከ ባሕሩ

ጥቅምት ሲገባ የሚደርሰኝ ጥያቄ ያው ነው። «አቦ፣ ያንን ትልቁን ዓሣ ለማየት ከድሬ እንዴት ነው የሚኬደው?» አንዱ ከሐረር ይጠይቃል፣ ሌላው ከድሬው ሳቢያን ሰፈር፣ ሌላዋ ደግሞ ልጆቿን ይዛ መሄድ ትፈልጋለች። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ ሁሉንም አንድ ላይ ጻፍኩት። መዋኘት የማይችል ሰው «ይሄ ለእኔ አይሆንም» ብሎ እንዳያልፈው። አብዛኛው የተጻፈው ለእሱ ነው።

መጀመሪያ ምን እንደምታዩ እወቁ

ብዙ ሰው «ዓሣ ነባሪ ላይ ነው የምሄደው» ይላል። ጅቡቲ ወዳለው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ በየዓመቱ የሚመጣው ግን ዌል ሻርክ ነው፤ የሻርክ ዘር፣ በዓለም ላይ ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ። ዓሣ ነባሪ ሳንባ ስላለው ለመተንፈስ ወደ ላይ ይወጣል፣ እንፋሎትም ወደ አየር ይረጫል። ዌል ሻርክ በስንጥቡ ስለሚተነፍስ እንደዚያ አያደርግም። ከሩቅ የሚረጭ ነገር ስትጠብቁ እሱ በጀልባችሁ ጎን አልፎ ይሄዳል። መፈለግ ያለባችሁ ከውኃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ያለ ሰፊ ጥቁር ጥላና አንዳንዴ ብቅ የምትል የክንፍ ጫፍ ነው።

«ሰው ይበላል ወይ?» አይበላም። ምግቡ ፕላንክተን የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትና ትንንሽ ዓሦች ናቸው። አፉን ከፍቶ ውኃውን ያስገባል፣ ምግቡን አጣርቶ ያስቀራል፣ ውኃውን በስንጥቡ ያስወጣል። ያደገው ከ12 ሜትር በላይ ይሆናል። ጅቡቲ የሚመጡት ግን አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ወንዶች ናቸው፤ አንድ ሚኒባስ የሚያህሉ ወይም ትንሽ የሚያንሱ።

ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በእነዚህ ወራት ውኃው ፕላንክተን ይሞላል፣ እነሱም ያንን ተከትለው ወደ ዳርቻው ይጠጋሉ። በተለይ አርታ የባሕር ዳርቻ አካባቢ ከመሬቱ ብዙም ሳይርቁ ይታያሉ። ውኃው በፕላንክተን የተሞላ ስለሆነ ቪዲዮ ላይ እንደምታዩት ጥርት ያለ ሰማያዊ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ብዥ ብሎ ስታዩት አትከፉ። ምግቡ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓስፖርት፣ የጅቡቲ ቪዛ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ካርዱን ብዙ ሰው ይረሳል፤ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ይጠየቃል።
- ፊታችሁ ላይ በልክ የሚቀመጥ የውኃ ማስክና ስኖርክል (በአፍ የሚነከሰው የመተንፈሻ ቱቦ)። ጀልባዎቹ ያከራያሉ፣ ግን በልካችሁ ላይኖር ይችላል።
- ላይፍ ጃኬት። ጀልባው ላይ መኖር አለበት፤ መኖሩን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።
- እጀ ረጅም፣ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ልብስና ታይት። ለሴቶችም ለወንዶችም። ፀሐይንም ጄሊፊሽንም ይከላከላል። በሽርጥ፣ በዲራክ (የሶማሌ ሴቶች ሰፊ ስስ ቀሚስ) ወይም በሰፊ የጥጥ ልብስ ውኃ አትግቡ፤ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ እግር ላይም ይጠመጠማል።
- ሶሉ ጠንከር ያለ፣ ውኃ ውስጥ የሚገባ ጫማ።
- ኮፍያ፣ ፎጣ፣ የሚጠጣ ውኃ፣ ሳንስክሪን።
- ለስልክ ውኃ የማያስገባ ከረጢት፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል።
- የማቅለሽለሽ መድኃኒት። ፋርማሲ ጠይቃችሁ ግዙ፤ ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ተናገሩ።

ማስክ ስትገዙ እንዲህ ፈትኑት። ማሰሪያውን ሳታስሩ ፊታችሁ ላይ አስቀምጡትና በአፍንጫችሁ አየር ሳቡ። እጃችሁን ስትለቁት ካልወደቀ ልካችሁ ነው። ከወደቀ በማሰሪያ አይስተካከልም፤ ሌላ ሞክሩ። ጺም ያላችሁ ከላይኛው ከንፈር በላይ ትንሽ ቫዝሊን ቀቡ፤ ውኃ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። መነጽር የምታደርጉ ከማስኩ ሥር መነጽር እንደማይገባ እወቁ። ሻርኩን የምታዩት በቅርብ ስለሆነ ብዙ ሰው ያለ መነጽር ይበቃዋል። ካልበቃችሁ የዓይን ቁጥር ያለው ማስክ ይሸጣል።

ደረጃ 1፦ ከመሄዳችሁ ከ1 ወር በፊት ገንዳ ውስጥ ተለማመዱ

ከሁሉም ደረጃ ይሄን አትዝለሉ። ጉዞው የሚበላሸው ባሕሩ ላይ ሳይሆን እዚሁ ቤት ነው። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ ሻርኩ ከጀልባው ሥር ሆኖ፣ ቱቦውን አፉ ውስጥ ሲያስገባ ትንፋሹ ይቆረጥና ወደ ጀልባው ይመለሳል። ፈሪ ስለሆነ አይደለም። ፊትን ውኃ ውስጥ ከትቶ በአፍ መተንፈስ አእምሮ በአንዴ የማይቀበለው ነገር ነው። በጥቂት ቀን ልምምድ ግን ይለመዳል።

ድሬ ላይ መዋኛ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች አሉ። ከሐረር ያላችሁ በእረፍት ቀን መውረድ ትችላላችሁ። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦

ሀ. ወገባችሁ ድረስ ባለው ቦታ ቁሙ። ማስኩን አድርጉ፣ ቱቦውን ንከሱ፣ ፊታችሁን ብቻ ክተቱ። በአፍ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ማውጣቱን ከመሳቡ አርዝሙት፤ ልብ የሚረጋጋው በዚህ ነው።

ለ. ላይፍ ጃኬት ለብሳችሁ በደረታችሁ ተንሳፈፉ። ምንም አታድርጉ። እጃችሁ ይዘርጋ፣ እግራችሁ ይላላ። ጨዋማ ውኃ ከገንዳ ውኃ የበለጠ ስለሚያንሳፍፍ፣ እዚህ ከተንሳፈፋችሁ እዚያ ይቀላችኋል።

ሐ. ሆን ብላችሁ ቱቦው ውስጥ ውኃ አስገቡ፣ ከዚያ በአንድ ጠንካራ ትንፋሽ «ቱ!» ብላችሁ ግፉት። ውኃው በላይኛው ጫፍ ይወጣል። ባሕር ላይ ማዕበል ቱቦውን መሙላቱ ስለማይቀር፣ ይሄን የማያውቅ ሰው ጨው ውኃ ይጠጣና ይደነግጣል።

መ. እግር ከዳሌ ነው የሚመታው፣ ከጉልበት አይደለም። ከጉልበት የሚመታ ቶሎ ይደክማል፣ ውኃውንም ያረጫጫል።

ሠ. መጨረሻ ላይ ጥልቅ በሆነው በኩል፣ አዋቂ አጠገባችሁ ቆሞ፣ ከጫፍ ተቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ ግቡ። ከጀልባ የምትገቡት እንዲሁ ነው።

ልጆችም ይሄንኑ ይማሩ። ገንዳ ውስጥ ማስክ ያልለመደ ልጅ ባሕር ላይ ከጀልባው ሆኖ ቢያይ ይሻላል፤ ከዚያም ጥላው በደንብ ይታያል።

ደረጃ 2፦ ሰነድና ገንዘብ ጨርሱ

ቪዛውን አስቀድማችሁ ያዙ። ድንበር ላይ ይፈታል ብሎ መውጣት የሌላውንም መንገደኛ ጉዞ ያጓትታል። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የተያያዘ ነው፤ 1 ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው፣ አይወጣም አይወርድም። ይሄን ቁጥር ካወቃችሁ ዘርዛሪ አያታልላችሁም። የውጭ ገንዘብ በባንክ በኩል፣ ፓስፖርትና ትኬት ይዛችሁ ጠይቁ። ጅቡቲ ውድ ከተማ ናት፤ ከድሬ ዋጋ ጋር እያመሳሰላችሁ በጀት አታውጡ።

ደረጃ 3፦ መንገዱን ያዙ

በባቡር ከሆነ አዲሱ ባቡር ነው፤ መጨረሻው ጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ ነው። ድሬ ላይ የሚሳፈሩት ከዚራ ሰፈር ካለው የድሮው ለገሃር እንዳይመስላችሁ፤ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ባጃጅ ስትይዙ «አዲሱ ባቡር ጣቢያ» በሉ፣ ሰዓትም ጨምሩ። የሚሄድበትን ቀን ጀልባ ከመያዛችሁ በፊት አረጋግጡ፣ ትኬቱንም ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። መጀመሪያ ጀልባ ይዞ በኋላ ባቡር የሚፈልግ ሰው ሁለቱ ቀን አይገጥሙለትም።

በመኪናም በድንበሯ ከተማ በደወሌ በኩል ይኬዳል። በየትኛውም ብትሄዱ ፓስፖርታችሁን ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት፤ በእጃችሁ ይሁን።

ከደረሳችሁበት ቀን በማግስቱ ባሕር ግቡ እንጂ በዚያው ቀን አትሞክሩ። ያልተኛና ውኃ የጠማው ሰው ባሕር ላይ ቶሎ ያቅለሸልሸዋል።

ደረጃ 4፦ ጀልባውን ስትይዙ ጠይቁ

የድሬ ልጅ እዚህ ይቀለዋል። ሶማሊኛ የምትችሉ በቀጥታ ተነጋገሩ፤ አፋርኛ፣ ፈረንሳይኛና ዓረብኛም ይሠራል። ጀልባ ላይ «ርካን ባሌን» ሲሉ ከሰማችሁ ዌል ሻርክ ማለታቸው ነው።

ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለጀልባው ነው፣ ለሰው አይደለም። ስለዚህ ተሰባስቦ መሄድ ያዋጣል። ግን «ስንት ሰው ትጭናላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌላም ጠይቁ፦ ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት አለ? መውጫ መሰላል አለ? ጥላ አለው? ነዳጅና ምሳ ዋጋው ውስጥ ነው? ሻርኩ ሲታይ ሞተር ታጠፋላችሁ? የመጨረሻውን ጥያቄ የሚመልስበትን ሁኔታ በደንብ ስሙ። «አዎ፣ ራቅ ብለን እናቆማለን» የሚል ካፒቴን ሥራውን ያውቃል። «እናባርርላችኋለን» የሚል ከሆነ ሌላ ፈልጉ። እዚያ የሚታዩ ብዙ ሻርኮች ጀርባና ክንፋቸው ላይ ጠባሳ አለባቸው፤ የጀልባ ግጭትና የፕሮፔለር (ሞተሩ ሥር የሚሽከረከረው ስለት) ምልክት ነው። ሲበሉ ከላይ ስለሚሆኑ ፈጥኖ የሚመጣ ጀልባ በቀላሉ ያገኛቸዋል። ደንበኛው ዝም ካለ ካፒቴኑ መሮጡን አያቆምም፤ ደንበኛው ከጠየቀ ግን ያቆማል።

ቀን ስትመርጡ ዓርብን ተዉት። ጅቡቲ እረፍቷ ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ ጀልባው ይበዛል፣ አንዱን ሻርክ አራት ጀልባ ይከበዋል። ከእሑድ እስከ ረቡዕ ያለው ይሻላል። ሰዓቱ ደግሞ ጠዋት፣ በማለዳ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ባሕሩ ይናወጣል፣ ጥላውም አይታይም።

ደረጃ 5፦ የዚያን ቀን ጠዋት

ቁርስ ቀለል ይበል። ዳቦ፣ ሙዝ፣ ሻሂ። ፈቲራና ቅባት የበዛበት ነገር ለማታ ይቆይ፤ ከነዳጅ ሽታና ከማዕበል ጋር ተደምሮ ይመለሳል። መድኃኒቱን ከመሳፈራችሁ በፊት ውሰዱ። ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ መዋጥ ብዙም አይረዳም።

ጫት ቅማችሁ ውኃ አትግቡ። ማታ ሙሉ ቅማችሁ ያለ እንቅልፍ ያደራችሁም አትግቡ። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ አፍ ያደርቃል፣ ድካምን ይደብቃል። ባሕር ውስጥ ድካሙን በሰዓቱ የማይሰማ ሰው ለመመለስ አቅም ያጣል። በርጫው (ጫት መቃሙ) ማታ ይደርሳል።

ሳንስክሪን ከመግባታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በፊት ተቀቡ። የጉልበት ጀርባና አንገት አትርሱ፤ በደረት ስትንሳፈፉ ፀሐይ የምትመታው እዚያ ነው። የማስኩን መስታወት ከውስጥ በኩል በምራቅ አሹና በባሕር ውኃ ለቅለቅ አድርጉ። ካላደረጋችሁ ይጉማል፣ ሻርኩ ሲመጣ ምንም አታዩም።

ደረጃ 6፦ ውኃ መግባት

ጀልባው ከሻርኩ መንገድ ጎን ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ሞተሩ መቆሙን በጆሯችሁ ስሙ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተጣመሩ፣ ማን ከማን ጋር እንደሆነ ከላይ ተስማሙ። ምልክትም ተስማሙ፤ አንድ እጅ ወደ ላይ ተነስቶ ከተወዛወዘ «ኑ አውጡኝ» ነው።

ጠርዙ ላይ ተቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ ተንሸራተቱ። ዘላችሁ ስትወድቁ የሚፈጠረው ድምፅና አረፋ ሻርኩ ጠልቆ እንዲሄድ ያደርገዋል። ወደ ታች ከሄደ ደግሞ አታገኙትም።

መጀመሪያ ሲታይ ትንፋሽ ይፈጥናል። ማንም ላይ ይደርሳል። አትንቀሳቀሱ። ገንዳ ውስጥ እንደተለማመዳችሁት ማውጣቱን አርዝሙ። በመጀመሪያ የምታዩት ነጫጭ ነጠብጣቦቹን ነው፤ ከደብዛዛው ውኃ ውስጥ ነጥብ ነጥብ እያለ ይመጣል፣ ከዚያ ሰፊው ጭንቅላት፣ ከዚያ የተከፈተ አፍ፣ ከጎኑ ደግሞ ተጠግተውት የሚዋኙ ትንንሽ ዓሦች። አንዳንዴ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጅራቱን ወደ ታች፣ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ውኃውን ይውጣል። ያን ጊዜ አይንቀሳቀስምና በደንብ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 7፦ አጠገቡ ስትሆኑ

ከሰውነቱ ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከጅራቱ 4 ሜትር ራቁ። ጅራቱ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሲታጠፍ ከኋላው ያለውን ስለማያይ ነው፣ ምቱም ከባድ ነው። ከጎኑ፣ በጎን ክንፉ ትይዩ ሁኑ። ከፊቱ አትቁሙ፤ መንገዱን ከዘጋችሁበት መብላቱን ትቶ ይሄዳል። ወደ እናንተ ከመጣ እጃችሁን ሰብስቡና ወደ ጎን ቀስ ብላችሁ ተንሸራተቱ።

አትንኩት። ቆዳው ላይ የሚከላከለው ስስ ንፍጥ አለ፤ እጅ ሲያርፍበት ይነሳል። ክንፉን ይዞ መጎተትማ አይነሳም። ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት (IUCN) ዝርዝር ውስጥ የመጥፋት አደጋ ያለበት ተብሎ የተመዘገበ እንስሳ ነው።

አታሳድዱት። የሚዋኘው ዝግ ብሎ ይመስላል፣ ግን አትደርሱበትም። የሚያሳድድ ሰው በጥቂት ደቂቃ ይደክማል፣ ጀልባውም ሩቅ ይሆንበታል። ባላችሁበት ከተንሳፈፋችሁ እየበላ ዞሮ ይመጣል።

ፎቶ ስታነሱ ፍላሽ አጥፉ። በግራ ጎኑ ከስንጥቡ ጀርባ ያለውን የነጠብጣብ አቀማመጥ ለማግኘት ሞክሩ። እንደ ሰው አሻራ ከአንዱ ሻርክ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን የሚለዩት በዚያ ነው። ጎብኚ የሚያነሳውን ፎቶ የሚቀበሉ የመረጃ ቋቶች ኢንተርኔት ላይ አሉ።

ደረጃ 8፦ መውጣት

ሳይደክማችሁ ውጡ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ወደ መሰላሉ አትጠጉ፤ ፕሮፔለሩ ያለው ከኋላ፣ ብዙ ጊዜም ከመሰላሉ አጠገብ ነው። በዚህ ቀን በእውነት አደገኛው ነገር ሻርኩ ሳይሆን እሱ ነው። ወጥታችሁ ውኃ ጠጡ፣ ራሳችሁን ሸፍኑ። ባሕር ውስጥ ላብ ስለማይታወቅ ሰው ሳያውቀው ይደርቃል።

ሌሎቹ እንስሳት

በመንገድ ላይ ዶልፊኖች ይመጡና ከጀልባው ፊት ይዋኛሉ። ጀልባው በያዘው ፍጥነትና አቅጣጫ ይቀጥል፤ መሐላቸው ዘላችሁ አትግቡ። ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ከሄዳችሁ ኮራል አለ፤ የባሕር ኤሊም ልታዩ ትችላላችሁ። ኤሊ ለመተንፈስ ሲወጣ ከላይ አትክበቡት። ኮራል ላይ አትቁሙ፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ይሰበራል፣ እግርንም ይቆርጣል። ዛጎልና ኮራል ይዛችሁ አትመለሱ።

ማስጠንቀቂያ

- ልብ፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከሐኪም ጋር ሳይነጋገር ውኃ አይግባ።
- ጄሊፊሽ ከነካችሁ በባሕር ውኃ እጠቡ፣ አትሹት። የሚጠጣ ውኃ አታፍስሱበት፤ ማቃጠሉን ሊያብሰው ይችላል።
- ዳርቻ ላይ ጫማችሁን አታውልቁ። ድንጋይ የሚመስል መርዛማ ዓሣና እሾሃም የባሕር ፍጥረቶች አሉ። ድንጋይ መሳዩ ዓሣ ከወጋችሁ እግሩን ሳያቃጥል በምትችሉት ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ።
- ወደብና የጦር ሠፈር ፎቶ አታንሱ።

ሰው የሚደጋግማቸው ስህተቶች

ላይፍ ጃኬትን የልጆች ነገር አድርጎ ማየት። መዋኘት የሚችልም ይልበሰው፤ እጅና እግሩ ያርፋሉ፣ ረጅም ሰዓት ያያል። ስልክን በከረጢቱ ሳይሞክሩ ማስገባት፤ ቤት ውስጥ ሶፍት ከትታችሁ ባልዲ ውስጥ ነክሩት፣ ሶፍቱ ደርቆ ከወጣ ስልኩን እመኑት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ዘሎ መግባት፤ ሁለት ሁለት ሆኖ በተራ የገባ ቡድን ሁሉም ያያል።

ሌላው፣ አንድ ጠዋት ብቻ ይዞ መምጣት ነው። ባሕሩ የተናወጠ ቀን ጥሩ ካፒቴን አይወጣም፣ እንዲወጣም አትጫኑት። ወጥታችሁም ሻርኩ ላይገኝ ይችላል፤ ካፒቴኑ ሊያመጣው አይችልም፣ ገንዘቡም አይመለስም። የመመለሻ ትኬታችሁን ስትቆርጡ አንድ ትርፍ ጠዋት ተዉ።